በበጋ ግድብ ዳር ወፍ ለማየት፦ ከውሃው ይልቅ ጭቃውን ፈልጉ

መጀመሪያ ወፍ ለማየት የወጣሁ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ስድስት ሰዓት ላይ የግድቡ ግንብ አጠገብ ቆሜ ነበር። ፊት ለፊቴ ሰፊ ውሃ አለ፤ መሃሉ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥቦች ይታዩኛል። አንደኛዋን ግማሽ ሰዓት ተከታተልኳት። ኋላ ነፋስ ሲያስጠጋት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሆና አረፈች። ሰዓቱም ቦታውም ስህተት ነበር።

1. ከግንቡ ራቁ

ግንቡ አጠገብ ውሃው ጥልቅ ነው። እዚያ የሚመቻቸው እንደ ኮርሞራንት ያሉ ጠልቀው ዓሣ የሚያድኑ ወፎች ናቸው። ድንጋይ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው የምታዩአቸው እነሱ ናቸው፤ ላባቸው ውሃ ስለሚገባው ማድረቅ አለባቸው።

ብዙው ወፍ ያለው በሌላው ጫፍ፣ ወንዙ ወደ ግድቡ በሚገባበት በኩል ነው። ወንዙ ያመጣው ደለል እዚያ ስለሚዘቅጥ ውሃው አይጠልቅም። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ትልና የነፍሳት እጭ የሞላበት ጭቃ ይገለጣል። ረጅም እግርና ረጅም መንቆር ያለው ሁሉ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው።

2. በጠዋት ድረሱ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጉ

ጠዋት በምሥራቅ በኩል ባለው ዳርቻ ቁሙ፤ ከሰዓት በምዕራቡ። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው።

3. መነጽር

8 በ42 የሚባለው የሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) ይበቃል። 8 የማቅረብ አቅሙ ነው፤ 42 ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር። እኔ በጉጉት 20 እጥፍ የሚያቀርብ ገዝቼ ነበር። እጄ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፉም አብሮ ይደንሳል። ቴሌስኮፕ ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ማቆሚያው ጠንካራ ይሁን። በሚወዛወዝ ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ውድ ቴሌስኮፕ ከርካሽ መነጽር አይሻልም።

4. ትንንሾቹን የጭቃ ወፎች መለየት

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ትንንሽ፣ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ሩቅ።

የመጀመሪያው ችግር ሙቀቱ ነው። መሬቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይርገበገባል፤ ወፉም በውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይሟሟል። ያኔ ይበልጥ ማቅረብ መርገብገቡንም አብሮ ማጉላት ነው። ቴሌስኮፑን ወደ 20 እጥፍ አውርዱት፣ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ። ካልሆነም የቅርቡን ወፍ ብቻ እዩ። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ የሩቁን ወፍ ስም ለመጥራት አትድከሙ።

ቀጥሎ፣ ላባውን ከማየታችሁ በፊት አበላሉን እዩ። ሮጥ ሮጥ ብሎ ቀጥ የሚል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዴ የሚለቅም ከሆነ በዓይኑ የሚያድን ወፍ ነው፤ ዓይኑ ትልቅ፣ መንቆሩ አጭር ነው። አንገቱን ደፍቶ እንደ ስፌት መኪና ጭቃውን የሚወጋው ደግሞ የሚፈልገው በመንቆሩ ጫፍ ዳሰሳ ነው። ሲራመድ ቂጡን ላይ ታች የሚያደርግ ካገኛችሁ ኮመን ሳንድፓይፐር መሆኑን ጠርጥሩ። ይህቺ ብቻ ግማሹን ሥራ ታቀልላለች።

እግርን በመጨረሻ እዩ፣ ያየሁትን ስላየሁ ነው የምላችሁ። አንድ ጠዋት ድንቢጥ የምታክል ወፍ አገኘሁ፤ እግሯ ጥቁር ነው። እግሯ ጥቁር የሆነችው ሊትል ስቲንት ናት ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኔ ለነበረውም ሰው በኩራት ነገርኩት። ወፏ ወደ ውሃው ገባች፣ ትንሽ ተንቦጫረቀች፣ ወጣች። እግሯ ቢጫ! ጥቁሩ ጭቃ ነበር ለካ። እግሯ ቢጫ የሆነችው ዘመዷ ቴሚንክ ስቲንት ነበረች፤ ስትነሳም የጅራቷ ጠርዝ ነጭ ሆኖ ታየ። ሰውየው ምንም አላለም፣ ፈገግ ብሎ መነጽሩን አነሳ። ስለዚህ ወፉ ውሃ እስኪነካ ወይም እስኪበር ጠብቁ።

የስልክ መተግበሪያ? ወፍ የሚለየው መርሊን ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ ራሳችሁ ገምቱ፣ ከዚያ ጠይቁት።

5. የማይገባበት ቦታ

የተሰነጠቀ ደረቅ ጭቃ አይታችሁ አትመኑ። ላዩ ቅርፊት፣ ሥሩ ማጥ ነው። እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ አንድ ጫማዬን ትቼ ወጥቻለሁ። ግንቡ ላይ መውጣትም ብዙ ቦታ ስለማይፈቀድ ጥበቃውን ጠይቁ።

ጠጠር ዳር ላይ አንዲት ወፍ እየጮኸች ከዞረቻችሁ ወይም ክንፏ የተሰበረ መስላ ከተንፏቀቀች እንቁላል አጠገብ ናችሁ። በመጣችሁበት ቶሎ ተመለሱ። በዚህ ሙቀት እንቁላሉ ጥላ ካጣ ይበስላል፤ አንዳንዶቹ ወፎች ሆዳቸውን ውሃ ነክረው መጥተው ነው የሚያቀዘቅዙት።

6. ቆጥራችሁ ጻፉ

መንጋ ሲያጋጥማችሁ አስሩን ቁጠሩና ያ አስር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ልብ በሉ። ከዚያ በአስር በአስር ሂዱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ውሃው የት እንደደረሰም መዝግቡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስትመለሱ ያ ጭቃ ደርቆ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ያኔ አሁን ውሃው የቆመበትን ጠርዝ ፈልጉ፤ ወፎቹ እሱን ተከትለው ወርደዋል።