የሽቦ ጫፍ እንዴት ይላጣል፣ ለማሰርስ እንዴት ይዘጋጃል?

የእንጀራ ምጣድ ሶኬት ሲቀልጥ ጥፋቱ የሚለጠፈው ሶኬቱ ላይ ነው። «ጥራት የለውም» ተብሎ ይጣልና ሌላ ይገዛል፤ ከጥቂት ወር በኋላ አዲሱም ይቀልጣል። የቀለጠውን ፈትቶ ላየ ሰው ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ብሎኑ ስር የገቡት የመዳብ ክሮች ግማሽ ብቻ ሆነው ይገኛሉ፤ ወይም ብሎኑ የነከሰው መዳቡን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነው፤ ወይም ሽቦው ሲላጥ በቢላዋ ዙሪያውን ተቆርጧል።

ለምን እንደሚቀልጥ በስሌት ይታያል። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የተለመደው ወፍራም ክብ እግር ያለው ወንዱ ሶኬት ጣሪያውም 16 አምፔር ነው፤ ትርፍ አቅም የለውም። ሽቦው ላልቶ የታሰረበት ቦታ 0.1 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጥር፣ 16 ሲባዛ በ16 ሲባዛ በ0.1 ወደ 25 ዋት ይሆናል። ያ የአንድ ትንሽ የሊድ መበየጃ ሙቀት ነው፤ ከምስር ቅንጣት በማትበልጥ ቦታ ላይ፣ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ድረስ ይነድዳል። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ ደግሞ የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ለሚደርስ ሙቀት ነው።

ከታች ያለው ለምጣድ ገመድ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የቤት ሽቦ ይሠራል። ከቆጣሪ በፊት ያለውን መስመር ግን አትንኩ። እሱ የመብራት ኃይል ሥራ ነው፤ ከፖል የሚመጣው ሽቦ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ከመዳብ ጋር ጠምዝዞ ማሰርም አይቻልም።

መሣሪያው

ለሥራው የሚበቁት ስል ቆራጭ ፒንሳ፣ መላጫ ፒንሳ፣ ከተር፣ ለብሎኑ ልክ የሆነ ካቻቢቴ እና ቴስተር ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚወጣበት መላጫው ነው። በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ።

ርካሹ ሁለት ጥርሱ ላይ የማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ መዝጊያውን በአንዲት ብሎን የምታስተካክሉት ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሽቦ ለሚልጥ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ አንዴ በልኩ ካሰራችሁት አይስትም። ሽቦው በተለወጠ ቁጥር ብሎኑን መልሶ ማስተካከል ግን ግድ ነው። ብዙ ሽቦ የሚበላሸው ይህን በመርሳት ነው።

ሁለተኛው ለየሽቦው ውፍረት ተራ በተራ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ለቤት ውስጥ ሥራ ይህኛው ይመረጣል። ሦስተኛው ሽቦውን በአንድ ጭምቂያ ይዞ፣ ቆርጦ፣ ስቦ የሚልጥ፣ ውፍረቱን ራሱ የሚለካ ነው። ፈጣን ነው፤ ጥራት ያለው ከሆነ እጅን ያሳርፋል። ርካሹ ግን ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ይንሸራተታል፣ ጠንካራው ላይ ደግሞ መዳቡን ይነክሳል። ርካሽ መግዛት ካለባችሁ ከሦስተኛው ርካሽ የሁለተኛው ርካሽ ይሻላል።

ቀዳዳ ያለውን ስትገዙ የተጻፈበትን ቁጥር በደንብ አንብቡ። ብዙዎቹ የሚመጡት በአሜሪካ የሽቦ ቁጥር ነው፤ እዚያ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሽቦው ይቀጥናል። እኛ ሱቅ ሄደን የምንጠይቀው ደግሞ ባለ 1.5፣ ባለ 2.5፣ ባለ 4 ካሬ ብለን፣ ማለትም በመዳቡ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ልክ ለልክ አይገጥሙም። ድፍን፣ ማለትም ክር የሌለው አንድ ወጥ መዳብ የሆነ የ2.5 ሽቦ ውፍረቱ 1.78 ሚሊ ሜትር ነው። በድፍን ሽቦ መለኪያ 14 ቁጥር ያለበት ቀዳዳ 1.63 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሽቦ የተሠራ ስለሆነ የእኛን 2.5 ይነክሰዋል፤ 12 ቁጥሩን ተጠቀሙ። ለ1.5 ሽቦ 14 ቁጥር፣ ለ4 ደግሞ 10 ቁጥር ይሆናል። አንዳንዱ ፒንሳ በአንድ ጎኑ ለድፍን፣ በሌላው ለባለ ክር ሽቦ የተለያየ ቁጥር አለው፤ የትኛውን እያነበባችሁ እንደሆነ እዩ። የሚቻል ከሆነ በካሬ ሚሊ ሜትር የተጻፈበትን ፈልጋችሁ ግዙ፤ ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ትገላገላላችሁ።

እጀታው ፕላስቲክ ስለለበሰ ብቻ ፒንሳው ከኮረንቲ ይከላከላል ማለት አይደለም። የሚከላከለው ሁለት ተደራራቢ ሦስት ማዕዘንና 1000 ቮልት የሚል ምልክት ያለበት ነው። እሱም ቢሆን ኃይል ያለበትን ሽቦ ለመላጥ ፈቃድ አይሰጥም።

መብራቱን ማጥፋት

ብሬከሩን ጣሉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ቴስተሩን መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ በምትሠሩበት ሽቦ ላይ። አምፖሉ የተቃጠለ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ «መብራት የለውም» ይላል።

የውጩን ሽፋን ማንሳት

ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ከሆነ ከጫፉ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ለኩ። ከተሩን ጨክናችሁ አትጫኑ። ገመዱን በጣት ላይ ለመጥ አድርጉት፤ የታጠፈው ጀርባው ላይ ሽፋኑ ይወጠራል። የተወጠረውን በምላጩ ጫፍ ልክ እርሳስ እንደሚያሰምር ሰው ነካ ስታደርጉት ራሱ እየተሰነጠቀ ይከፈታል፣ ከሥሩም የውስጦቹ ሽቦዎች ቀለም ብቅ ይላል። ገመዱን እያዞራችሁ እንዲሁ አድርጉና ሽፋኑን ሳቡት። ምላጩ ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ መብሳት የለበትም፤ የቀረውን መታጠፉ ይጨርሰዋል።

አሁን ሦስቱንም ሽቦዎች አንድ በአንድ ሽፋኑ ያበቃበት ቦታ ላይ አጠፍ አጠፍ አድርጋችሁ እዩ። ምላጭ የነካው ፕላስቲክ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል። ከተከፈተ በናስትሮ አትሸፍኑት፤ ከዚያ ላይ ቁረጡና እንደገና ጀምሩ። 5 ሳንቲ ሜትር ገመድ ማጠር ምንም አይደለም።

ከሦስቱ አረንጓዴና ቢጫው፣ ማለትም የመሬቱ ሽቦ፣ ከሌሎቹ በ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርዘም። ገመዱ በድንገት ቢሳብና ሽቦዎቹ ቢነቀሉ መጨረሻ የሚነቀለው እሱ መሆን አለበት።

መዳቡን ሳይነኩ መላጥ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ እንበል።

መጀመሪያ ልኩ። ብዙ ሶኬትና ማገናኛ ጀርባው ላይ ምን ያህል እንደሚላጥ ተሥሎበታል። ከሌለው ሽቦውን ከማሰሪያው ቀዳዳ ጎን አስተኝታችሁ በጥፍራችሁ ምልክት አድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ከረዘመ ባዶ መዳብ ውጭ ይቀራል፤ ይህ ለዓይን ስለሚታይ ሰው ይጠነቀቀዋል። የማይታየው ማጠሩ ነው። ሲያጥር ፕላስቲኩ አብሮ ይገባና ብሎኑ እሱን ይጨምቃል። እጃችሁ ላይ ጠበቅ ያለ ይመስላል፤ በኋላ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ይለሰልስና ብሎኑ ባዶውን ይቀራል።

ቀጥሎ የቁረጡ ጥልቀት ነው። ድፍን የ2.5 ሽቦ 1.78 ሚሊ ሜትር ነው ብለናል። መላጫው ዙሪያውን 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢነክሰው የሚተርፈው 1.38 ሚሊ ሜትር ነው። ያ የ1.5 ካሬ ሽቦ ውፍረት ነው። በሁለት ወረቀት ውፍረት ልክ የሆነች ጭረት የገዛችሁትን 2.5 ሽቦ እዚያ ቦታ ላይ 1.5 አድርጋዋለች። ከዚህ የባሰው ግን መሰበሩ ነው፤ ዙሪያውን የተነከሰ ድፍን ሽቦ ሶኬቱ ወደ ግድግዳው ሳጥን ሲገፋና ሲታጠፍ በዚያችው ቀለበት ላይ ይሰነጠቃል። ወዲያው አይለያይም፤ ግማሹ ተያይዞ ይቆይና እየሞቀ ይቀጥላል።

ባለ ክር ሽቦ ላይ ጉዳቱ በቁጥር ይታያል። ለስላሳው የ2.5 ገመድ እያንዳንዳቸው 0.25 ሚሊ ሜትር የሆኑ ወደ 50 ክሮች አሉት። 10ሩ ከተቆረጡ የያዛችሁት የ2 ካሬ ሽቦ ነው። መቆረጣቸውን ለማወቅ የተላጠውን ፕላስቲክ ወዲያው አትጣሉት፤ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው የቀሩ አጫጭር የመዳብ ፀጉሮች ካሉ ቀዳዳው ጠቧል ማለት ነው። ቀጥሎ ያለውን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ተጠቀሙ።

ስለዚህ ከዋናው በፊት ከዚያው ሽቦ አንዲት ስንዝር ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ድፍን ከሆነ ልጣችሁ በተቆረጠበት ቀለበት ላይ ወዲያና ወዲህ አጥፉት። ንጹሕ መዳብ ጎብጦ ይታጠፋል፤ የተነከሰው ግን ልክ በጭረቱ ላይ ስል ማዕዘን ሠርቶ በጥቂት እጥፋት ይሰበራል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ልኩን አንዴ ካገኛችሁ የቀረውን ሁሉ በዚያው ትጨርሳላችሁ።

አላላጡ እንዲህ ነው። ጭመቁ፣ ፒንሳውን ወዲህና ወዲያ ሩብ ዙር አዙሩ፣ እጃችሁን ትንሽ ላላ አድርጉ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ላላ የማድረጓ ነገር ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ጥርሱ እንደተዘጋ ከተሳበ መዳቡን በርዝመቱ ይቧጥጣል። ባለ ክር ሽቦ ከሆነ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አታውጡት። ግማሽ ድረስ ሳቡትና ፕላስቲኩን ራሱን ይዛችሁ ክሮቹ በተገመዱበት አቅጣጫ እያዞራችሁ አውጡት። ክሮቹ አንድ ላይ ተገምደው ይወጣሉ፣ የጣት ላብና ቅባትም አይነካቸውም።

መላጫ ከሌላችሁና በከተር መሥራት ግድ ከሆነ ዙሪያውን አትቁረጡ። ምላጩን አስተኝታችሁ እርሳስ እንደምትቀርጹ ወደ ጫፉ ቅረጹት፣ የቀረውን ገልጣችሁ ቁረጡ። ዘንበል ያለ ምላጭ መዳቡ ላይ ይንሸራተታል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ምላጭ ግን ይነክሳል። በጥርስ መላጥ ጥርስንም ክሩንም ያጎድላል። በላይተር ማቃጠል ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፦ መዳቡ ይጠቁራል፣ የቀረው ፕላስቲክ ወደ ኋላ ይሸሽና ይደርቃል፣ ጭሱም ለሳንባ ጎጂ የሆነ አሲድ አለበት።

ጫፉን ማዘጋጀት

ድፍን ሽቦ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሥራው አልቋል፣ ቀጥ አድርጎ ማስገባት ነው። ቀዳዳው ሰፊ፣ ሽቦው ቀጭን ከሆነ እጥፍ አድርጉት። በብሎን ራስ ስር የሚታሰር ከሆነ በሹል አፍ ፒንሳ ቀለበት ሥሩለትና ቀለበቱ በሰዓት አቅጣጫ እንዲዞር አድርጋችሁ አስገቡ፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለበቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በተቃራኒው ካስገባችሁት ገፍቶ ያስወጣዋል።

ባለ ክር ሽቦ ፌሩል ይፈልጋል። ፌሩል ክሮቹን ሰብስቦ የሚይዝ ቀጭን የመዳብ ቆብ ነው፤ አንገቱ ላይ ፕላስቲክ አለው። በጀርመኖቹ የቀለም አደራደር ጥቁሩ ለ1.5፣ ሰማያዊው ለ2.5፣ ግራጫው ለ4፣ ቢጫው ለ6 ነው። 8 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላለው ፌሩል ሽቦውን ወደ 10 ሚሊ ሜትር ላጡ፤ ፕላስቲኩ አንገቱ ውስጥ መግባት አለበት። መጨመቂያው የራሱ ፒንሳ ነው። በተራ ፒንሳ መጨፍለቅ ቱቦውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል እንጂ ክሮቹን አያጠብቅም። ጨምቃችሁ ስትጨርሱ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ከወጣ ብሎን ስር አትክተቱት።

ፌሩል ካልተገኘ ክሮቹን በራሳቸው አቅጣጫ ገምዳችሁ እጥፍ አድርጋችሁ አስገቡ። ሊድ አትቀቡት። የተበየደ ጫፍ ያምራል፣ ጠንካራም ይመስላል፤ ሊድ ግን ለስላሳ ነው። በብሎን ግፊት ስር ቀን ከቀን እየፈሰሰ ይሸሻል፣ ብሎኑም ማንም ሳይነካው ይላላል።

ምጣዱ አካል ላይ የሚታሰረው ጫፍ የተለየ ነው። እዚያ ሙቀት ስላለ ተራ ሽቦ ይደርቃል፣ የተለመደው ሊድም በ183 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል። ሙቀት የሚችል ሽፋን ያለው ሽቦና ፕላስቲክ የሌለው ባዶ ኬብል ላግ (በሽቦው ጫፍ ላይ የሚጨመቅ ባለ ቀዳዳ የብረት ምላስ)፣ በደንብ ተጨምቆ፣ በብሎንና በስፕሪንግ ዋሸር ይታሰር።

ማሰር

ብሎኑን አጥብቁ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ሳቡ። የወንዱ ሶኬት የገመድ መያዣ የውጩን ወፍራም ሽፋን መያዝ አለበት፤ ውስጠኞቹን ሽቦዎች ከያዘ ገመዱ በተሳበ ቁጥር ጉተታው በቀጥታ ብሎኑ ላይ ያርፋል። ከመጀመሪያው ጋገራ በኋላ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን ደግማችሁ አጥብቁ። ክሮቹ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ስለሚጠጋጉ ትንሽ ዙር ታገኛላችሁ።

በሌላ ጊዜ ጋግራችሁ ስትጨርሱ መብራቱን አጥፍታችሁ ወንዱን ሶኬት በእጃችሁ ንኩት። ለብ ማለቱ ችግር የለውም፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ግን ፍቱት። ፕላስቲኩ ቡናማ የሆነውን፣ መዳቡ የጠቆረውን ሁሉ ቁረጡ፤ ቀይ አንጸባራቂ መዳብ እስክታገኙ ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ። የጠቆረውን መፋቅ አያድነውም። ሶኬቱንም ከነወንዱ ቀይሩ፤ አንዴ የጋለ የመያዣ ምላስ ልምጫው ስለሚጠፋ እግሩን እንደ በፊቱ አጥብቆ አይዝም።