ለቤት የሚሆን ጄኔሬተር፦ አዲስ አበባ ላይ ስንት ኪሎዋት ይበቃል? እንዴትስ ይገጠማል?

ጄኔሬተር ላይ የተለጠፈው ቁጥር የሚሠራው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 ከመቶ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሲደመር 27 ከመቶ ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ «አምስት ኪሎ» ተብሎ የተሸጠ ማሽን ግቢ ሲገባ ከ3.6 ኪሎዋት ብዙም አያልፍም ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚህም ይወርዳል፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ግን የምትቀንሰው 14 ከመቶ ብቻ ነው። «ፌክ ሸጡልኝ» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህን ሳያሰሉ ከመግዛት ነው። (አንዳንዴ በእርግጥም ፌክ ነው፤ እሱን ከታች እናያለን።)

መጀመሪያ ሂሳቡ

መብራት ሲጠፋ ሳይሠራ መቅረት የሌለበትን ብቻ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ለአንድ መካከለኛ ቤት ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦ ፍሪጅ 150 ዋት፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው የውኃ ፓምፕ 600፣ አሥር ኤልኢዲ አምፖል 90፣ ቴሌቪዥን 100፣ ሁለት ላፕቶፕ 130፣ የዋይፋይ ራውተር 15። ድምሩ 1,085 ዋት።

ይህ ግን ሁሉም ነገር ተነሥቶ ሲሠራ ያለው ነው። ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሣ ለአንድ አፍታ የሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዝርዝሩ ትልቁን ሞተር ወስደው በመነሻ ጉልበቱ ይተኩት። ፓምፑ በ600 ፈንታ 1,800 ሲሆን ድምሩ 2,285 ይሆናል። ይህን ለ0.73 (ከፍታው 27 ከመቶውን ሲወስድ ለሚቀረው) ያካፍሉት፤ 3,130 ዋት ይመጣል። ለዚህ ቤት ሰሌዳው ላይ በቋሚነት 3.5 ኪሎዋት የተጻፈበት ማሽን ይበቃዋል።

የእንጀራ ምጣድ ዝርዝሩ ውስጥ አይግባ። ብቻውን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል፤ እሱን ለመሸከም ሲባል የሚገዛው ማሽን በእጥፍ ይተልቃል፣ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ደግሞ ለአምፖልና ለፍሪጅ ብቻ ቤንዚን ሲያነድ ይውላል። ቦይለር፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ካውያም እንደዚሁ ይቅሩ። በተቃራኒው የሚፈልጉት መብራት፣ ዋይፋይና ቴሌቪዥን ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ፣ ጄኔሬተር ጨርሶ አያስፈልግዎትም፤ ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ይግዙ። በረንዳ ላይ የሚነሣ ጄኔሬተር የጎረቤትን ቤት በጭስ ይሞላል።

ሲገዙ የሚታየው

ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ትልቁ «ማክስ» ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚችለው ነው፤ ሂሳብዎ የሚመሳከረው ከትንሹ፣ ከ«ሬትድ» ጋር ነው። በኬቪኤ ከተጻፈና የፓወር ፋክተሩ 0.8 ከሆነ በ0.8 ያባዙት፤ 5 ኬቪኤ 4 ኪሎዋት ነው። ቤትዎ ባለ አንድ ፌዝ ከሆነ ሦስት ፌዝ ጄኔሬተር በርካሽ ቢያገኙም ይተዉት፤ ከአንዱ ፌዝ ሊወስዱ የሚችሉት ከጠቅላላ ጉልበቱ ሲሶውን ብቻ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ ጄኔሬተር ልላክ ቢል ያመስግኑትና ይተዉት። የዚያ አገር ማሽን 120/240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ዙር ይሽከረከራል። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 3,000 ዙር ነው። ዙሩን ዝቅ አድርጎ ለማስተካከል ሲሞከር ቮልቴጁ አብሮ ይወርዳል፤ ቮልቴጁን የሚጠብቀው ካርድም ያንን ለማካካስ ሲታገል ይቃጠላል።

አሁን ወደ ፌኩ፦ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅልል መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም? ቀለሙን አይቶ መለየት አይቻልም፤ አሉሚኒየሙም ቀይ ቫርኒሽ ይቀባል። ተመሳሳይ ጉልበት ከተጻፈባቸው ሁለት ማሽኖች ከባዱን ይምረጡ፤ ደረሰኙ ላይም «መዳብ» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቁ። መጻፍ ያንገራገረ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ቤንዚን ወይስ ናፍታ የሚለው በሰዓት ይወሰናል። በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ለሚጠፋ መብራት ቤንዚን ይሻላል፤ 3 ኪሎዋት የሆነው በግማሽ ጭነት በሰዓት ከ1 እስከ 1.3 ሊትር ይበላል። ናፍታ ለረጅም ሰዓት ያዋጣል፤ ነገር ግን ከአቅሙ ከ30 ከመቶ በታች ሲሠራ ከዋለ ያልነደደ ናፍታ ማርሚታው ውስጥ እንደ ሬንጅ ይጋገራል። በጄሪካን መቅዳት የሚከለከልበት ጊዜም አለና ከመግዛትዎ በፊት አካባቢዎ ያለውን ማደያ ይጠይቁ።

ቦታው

ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ሽታ የለውም፣ እንደ ከሰል ጭስ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ማርሚታው ወደ ቤቱም ወደ ጎረቤት መስኮትም አይዙር። ጋራዥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን ቦታው አይደለም። የክረምቱ ጎርፍ እንዳይደርስበት ከመሬት 15 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ ደልዳላ የኮንክሪት መደብ ይሥሩለት፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኖቹ ግን ክፍት። ድምፁን ለማፈን በቆርቆሮ ሣጥን የታሸገ ጄኔሬተር የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ይግላል።

ማገናኘቱ

ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ሠርቶ ከጄኔሬተሩ ወደ ግድግዳው ሶኬት መሰካት በየሰፈሩ ይታያል። ዋናው ብሬከር ሳይወርድ ከቀረ የእርስዎ 220 ቮልት በቆጣሪው አልፎ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይደርሳል፤ ትራንስፎርመሩም ወደ ኋላ ሠርቶ መስመሩ ላይ 15,000 ቮልት ያወጣል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ የሚይዘው እሱን ነው። መብራቱ ድንገት ቢመለስ ደግሞ ሁለቱ ተጋጭተው የጄኔሬተሩ ጥቅልል ይቃጠላል። ከሶኬቱ ተነቅሎ የተንጠለጠለው ስፒናም እርቃኑን ኤሌክትሪክ አለበት።

ትክክለኛው መንገድ ማቀያየሪያ ስዊች (ቼንጅኦቨር) ነው። የሚያስፈልገው፦

— ባለ ሁለት ፖል፣ 40 አምፔር፣ I-0-II (I መብራት ኃይል፣ 0 ዝግ፣ II ጄኔሬተር) ማቀያየሪያ፤ ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚቆርጥ
— ከ4 እስከ 6 ብሬከር የሚይዝ ትንሽ ማከፋፈያ ሣጥን
— ባለ ሦስት ሽቦ የጎማ ገመድ፤ እስከ 20 ሜትር 4 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ከዚያ እስከ 40 ሜትር 6
— ለመሬት መስመሩ የሚቀበር 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግና 16 ስኩዌር ሚሊሜትር ባዶ የመዳብ ሽቦ

ሥራው የኤሌክትሪሺያን ነው፤ እርስዎ ግን ቅደም ተከተሉን ይወቁት። ዋናው ብሬከር ወርዶ መቆረጡ በቴስተር ይረጋገጣል፤ ከቆጣሪው በፊት ያለው ነገር አይነካም። ከነባሩ ሣጥን በ25 አምፔር ብሬከር የወጣ መስመር የማቀያየሪያው I ላይ ይታሰራል፣ የጄኔሬተሩ II ላይ፣ መውጫው ወደ አዲሱ ትንሽ ሣጥን። ከዚያ የተመረጡት መስመሮች፣ ማለትም የፍሪጁ፣ የፓምፑና የመብራቱ፣ ከነባሩ ወደ አዲሱ ይዛወራሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚሳሳተው። ፌዙን አዛውሮ ኒውትራሉን ነባሩ ሣጥን ውስጥ ይተወዋል። በመብራት ኃይል ሲሆን ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ማቀያየሪያው II ላይ ሲዞር ግን መመለሻው ስለተቆረጠ አምፖል አይበራም። እያንዳንዱ መስመር ከነኒውትራሉ ይዛወር።

ሁለተኛው ስሕተት የመሬት መስመሩ ነው። የብዙዎቹ ትንንሽ ጄኔሬተሮች ኒውትራል ከሰውነታቸው ጋር አልተገናኘም፤ ስለዚህ ቴስተር ሁለቱም ሽቦ ላይ ይበራል፣ ንዝረት ሲኖር የሚቆርጠው መከላከያም አይሠራም። ማቀያየሪያው ኒውትራሉን የሚቆርጥ ከሆነ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ ጄኔሬተሩ ላይ፣ እዚያ ብቻ፣ ይያያዛሉ፤ የጄኔሬተሩ ሰውነትም ከዘንጉ ጋር ይታሰራል። ዘንጉ በበጋም እርጥበት የማያጣ ቦታ ይቀበር።

ማስነሣት

አዲስ ማሽን ዘይት ሳይኖረው ነው የሚመጣው። የዘይት ሴንሰር ካለው አልነሣም ይላል፤ ከሌለው ይነሣና በደቂቃዎች ውስጥ ፒስተኑ ይነክሳል። ለ3 ኪሎዋት 0.6 ሊትር 10ደብሊው-30 ይበቃል። ማቀያየሪያው 0 ላይ ሆኖ ያስነሡት፣ ሦስት ደቂቃ ያሙቁት፣ ቮልቴጁ ከ220 እስከ 230 መሆኑን ይለኩ፣ ከዚያ II ያድርጉ። ፓምፑ ይቅደም፣ ፍሪጁ ይከተል፣ አምፖልና ቴሌቪዥን መጨረሻ፤ ፓምፑ ሲነሣ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ቀድመው የበሩ ዕቃዎች ይጎዳሉ። ጥቁር ጭስ ካወጣና ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ ለስሱ አየር በዝቷል፤ መካኒኩ የካርቦራተሩን ጄት በአነስተኛ ይቀይርለት። ማሽኑ ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ጄቱ ይመለስ፣ አለዚያ ይግላል።

ዘይቱ መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይለወጣል። ለማጥፋት ጭነቱን ያውርዱ፣ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግተው ራሱ እስኪጠፋ ይተዉት። ካርቦራተር ውስጥ የከረመ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል፤ ሞተሩ ጭነት ሳይኖረው ከፍ ዝቅ እያለ የሚጮኸው ጄቱን ይህ ሙጫ ሲደፍነው ነው። በወር አንዴ ለ20 ደቂቃ ፍሪጅና መብራት አሸክመው ያሠሩት። ወራት ቆሞ የተነሣ ማሽን ሞተሩ እየሠራ ቮልት ካልሰጠ በመጀመሪያ የራሱን ብሬከር ይመልከቱ፤ እሱ ደህና ከሆነ ጥቅልሉ ውስጥ ይቀር የነበረው ማግኔት ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ማሽኑን ለመጣል ሳይቸኩሉ በባትሪ የሚመልስለት ባለሙያ ይጥሩ።