ቤት ውስጥ ቀላል ምግብ ሠርቶ በስልክ ፎቶ ማንሳት

አዲስ የምግብ አሠራር ሲሞከር ፎቶው የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ምግቡ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ይረፍዳል፤ ትኩስ ምግብ አይጠብቅም። ቅቤው ይቀልጣል፣ የተነሰነሰው ቅጠል ይጠወልጋል፣ የሾርባው ፊት ይረጋል፣ እንፋሎቱም ብን ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ ምድጃው ከመለኮሱ በፊት ፎቶ የሚነሳበትን ቦታ አዘጋጅተው ይጨርሱ።

ለመለማመጃ ፓንኬክ እንያዝ። ግብዓቱ ጥቂት ነው፤ ከአንድ ሊጥ በርከት ያለ ስለሚወጣም የመጀመሪያው ቢበላሽ ተተኪ አለው። ከዚህም በላይ፣ በደንብ መብሰል አለመብሰሉ ከቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቦታውን ማዘጋጀት

ጠረጴዛውን መስኮት አጠገብ ያድርጉና ብርሃኑ በሳህኑ ጎን በኩል እንዲመጣ ያመቻቹ። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የምግቡን እብጠትና ስርጉድ ጎላ አድርጎ ያሳያል። ከካሜራው በኩል የሚመጣው ግን ሁሉን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ የስልክ ፍላሽም ምግብን የማያምርበት በዚሁ ምክንያት ነው። ፀሐይ በቀጥታ የምትገባ ከሆነ መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ ይጋርዱ። ከመስኮቱ ትይዩ፣ በሳህኑ ማዶ፣ ነጭ ካርቶን ቢያቆሙ ደግሞ ብርሃኑን መልሶ እየወረወረ የጠቆረውን ጎን ያፈካዋል።

የክፍሉን መብራት ያጥፉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከማንኛውም ውድ ካሜራ አስበልጠዋለሁ። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ የቀን ብርሃን ወደ 5500 ኬልቪን ገደማ ሲሆን ሞቅ ያለ ቢጫ አምፖል ደግሞ ወደ 2700 ኬልቪን ይጠጋል። ካሜራው ሁለቱን በአንዴ ማመጣጠን ስለማይችል ያው ነጭ ሳህን በአንድ ወገኑ ሰማያዊ፣ በሌላው ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ባዶውን ሳህን ቦታው ላይ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ። የማይፈለግ ነገር ከኋላ ከታየ ያስወግዱት፣ ጥላው ከከበደ ካርቶኑን ያስጠጉ። ሳህኑ አነስ ያለና አንድ ወጥ ቀለም ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ትልቅ ሳህን ላይ ምግቡ ያነሰ ይመስላል።

ሊጡ

አሠራሩን እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ ሁሉንም ለክተው ይደርድሩ፦ 125 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 180 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 እንቁላል እና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ። ሚዛን ካለዎት ዱቄቱን በሚዛን ይለኩ። ያው አንድ ኩባያ በስሱ ሲሞላ 120 ግራም አካባቢ ይይዛል፤ ተጠቅጥቆ ሲሞላ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ይህ ልዩነት ብቻውን ሊጡን ከቀጭን ወደ ወፍራም ይለውጠዋል።

ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ ካዋሃዱ በኋላ አንድ ላይ ይጨምሩና ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ ያማስሉ። ጥቃቅን ጓል ቢቀር ግድ የለም። አብዝተው ባማሰሉት ቁጥር የስንዴው ግሉተን (ሊጡን የሚያያይዘው ፕሮቲን) እየጠነከረ ስለሚሄድ ፓንኬኩ ላስቲክ ይሆናል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያሳርፉት።

መጋገሩ

መጥበሻውን በመካከለኛ እሳት አግለው በጣም ስስ አድርገው ዘይት ይቀቡ። ዘይት ከበዛ የፓንኬኩ ፊት ዝንጉርጉር ይሆናልና ትርፉን በወረቀት ይጥረጉ። ለአንዱ ሩብ ኩባያ ሊጥ ይበቃል። ከላይ የሚወጡት አረፋዎች ፈንድተው ቀዳዳቸው ሳይደፈን ሲቀር፣ ዳር ዳሩም እርጥበቱን ሲያጣ ይገልብጡት።

ያ የሚያምረው ቡናማ ቀለም የሚመጣው ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ሲዋሃዱ ነው፤ ሂደቱ የሚፋጠነውም ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ነው። የሊጡ ፊት ውሃ እስካለው ድረስ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ቀለም ለመያዝ መጀመሪያ መድረቅ አለበት። እሳቱን አለቅጥ ቢጨምሩ ግን ውስጡ ሳይበስል ላዩ ያራል።

ፎቶው

የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ተደራርቦ የተቀመጠ ፓንኬክ ዝቅ ብለው በሳህኑ ቁመት ሲያነሱት ያምራል፤ ቁመቱ ይታያላ። ፒዛ፣ ሾርባና ሰላጣ ከአናት ይነሳሉ። ለቀረው ሁሉ፣ ገበታ ላይ ተቀምጠው ሲያዩት ባለው ማዕዘን፣ ማለትም ከ45 ዲግሪ አካባቢ፣ ማንሳት ይበቃል።

በጣም አይጠጉ፤ ስልኩ ሲቀርብ የሳህኑን ቅርጽ ያዛባል። ትንሽ ራቅ ብለው ያንሱና በኋላ የፎቶውን ዙሪያ ይቁረጡ። ስክሪኑ ላይ ለእርስዎ የሚቀርበውን የምግቡን ጠርዝ ነካ አድርገው ምስሉ እዚያ ላይ እንዲጠራ ያድርጉ፤ ነጩ ሳህን እንዳያንጸባርቅም የፎቶውን ብርሃን እዚያው ስክሪኑ ላይ ጥቂት ቀነስ ያድርጉ። ቅቤውንም ሆነ ማሩን ሁሉ ነገር ከተዘጋጀ በኋላ መጨረሻ ላይ ይጨምሩ። እንፋሎት እንዲታይ ከፈለጉ ብርሃኑ ከኋላ ይምጣ፣ ጀርባው ደግሞ ጠቆር ያለ ይሁን።

ፎቶውን ሲያስተካክሉ ብሩህነቱንና የነጩን ቀለም ብቻ ያርሙ። ቀለሙን ማድመቅ አልደግፍም፤ ቡናማው ወደ ብርቱካናማ ስለሚሄድ ምግቡ ምን ያህል እንደበሰለ ከፎቶው ማወቅ አይቻልም። ለቤት ውስጥ ሙከራ ደግሞ የፎቶው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

አንዱን ፓንኬክ ለሁለት ቆርጠው ውስጡንም ያንሱ። ድፍን ብሎ ከታየ ወይ ከልክ በላይ ተማስሏል ወይ ቤኪንግ ፓውደሩ አርጅቷል። ለማረጋገጥ ጥቂት ፓውደር ሙቅ ውሃ ውስጥ ይጨምሩ፤ ወዲያው ካልተንፈቀፈቀ አይሠራም። በሚቀጥለው ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ምን እንደለወጡም ከፎቶው ጋር ይጻፉ። ሳህኑ፣ ቦታውና ሰዓቱ ያው ከሆነ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ይቻላል።

ጊዜ የሚያገኙት ማታ ብቻ ከሆነ እንደ ብስኩት፣ ዳቦና ክሬም የሌለው ኬክ ያሉ የሚቆዩ ነገሮችን ይምረጡ። ከቀዘቀዙ በኋላ ከድነው ያሳድሯቸውና ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ያንሷቸው።