ነፍሰ ጡር ከሰገራዋ ጋር ደም ስታይ «ኪንታሮት ነው» ብለን አንለፍ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ማታ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩታ ገባችና ስልኳን ሰጠችኝ። ሶፍት ላይ ያለ ደም ፎቶ ነው። አምስተኛ ወሯ ነበር። «ሁሉም ኪንታሮት ነው ይለኛል። ግን ወር አለፈው» አለችኝ።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ሳያዩ ስም ማውጣት። እርግጥ ነው፣ በእርግዝና ኪንታሮት በጣም የተለመደ ነው፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ደግሞ ብዙም አያጋጥምም። ግን ምልክታቸው ይመሳሰላል፦ ደም፣ ድርቀት፣ ድካም፣ ቁርጠት። ሁሉም «የእርግዝና ነው» ተብሎ ይታለፋል። በእርጉዞች ላይ ከሚገኙት የዚህ ካንሰር ዕጢዎች ጥቂት የማይባሉት ፊንጢጣ አካባቢ ናቸው፤ ሐኪም ጓንት አድርጎ በጣቱ ሊደርስባቸው ይችላል። ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። በጎረቤቴ የክትትል ካርድ ላይ ክብደቷና ግፊቷ በየወሩ ተጽፏል። ይሄን ግን ማንም አላየላትም፤ እሷም አፍራ አልተናገረችም።

ሁለተኛው ስህተት «አሜባ ነው» ማለት ነው። ሰገራ ይመረመራል፣ ኪኒን ይታዘዛል። ኪኒኑ አልቆ ደሙ ከተመለሰ ያንኑ መድገም ጊዜ ማባከን ነው።

ሦስተኛው በብረት ኪኒን ማሳበብ። ኪኒኑ ሰገራ ያጠቁራል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ቀይ ደም ግን በራሱ አያመጣም። በደንብ እየዋጡት የደም ማነሱ ካልተሻለ፣ ደሙ የት እየሄደ እንደሆነ ይጠየቅ።

ለኪንታሮት ተብሎ የሚሸጥ ቅጠል መቀባት? ተዉት።

«ከወለድኩ በኋላ እታያለሁ» ማለትም ሌላ ስህተት ነው። ካስፈለገ በእርግዝናም አንጀት በካሜራ ይታያል፣ ናሙና ይወሰዳል። ካንሰር ከሆነ ስርጭቱን ለማየት ከሲቲ ስካን ይልቅ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ይመረጣሉ።

በጣም የሚያስጨንቀኝ ግን «ካንሰር ከሆነ ወይ እናት ወይ ልጅ» የሚለው ወሬ ነው። ሴቶችን ከሐኪም ያሸሻል። ፅንስ ማቋረጥ ብቻውን ካንሰሩን አያጠፋውም። ቀዶ ሕክምና በእርግዝና ሊሠራ ይችላል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አይሰጥም፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ አለ፣ መውለጃዋ ሲቃረብ ይቆማል። የዳሌ የጨረር ሕክምና እስክትወልድ ይቆያል። ኬሞ እየወሰዱ ማጥባት የለም። የማህፀን፣ የቀዶ ሕክምናና የካንሰር ሐኪሞች ቁጭ ብለው አብረው መወሰን አለባቸው፤ እንደ ጥቁር አንበሳ ላለ ሆስፒታል ሪፈር የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጎረቤቴ የምትለውን በሹክሹክታ ተለማመደች፦ «ደም ማየት ከጀመርኩ ወር አልፎኛል። እባክዎ በጣት ይመርምሩኝ።» ወረፋችን ሲደርስ ሳታፍር አለችው።