ነጠላው በስፌት መኪናው የመርፌ መግቢያ ቀዳዳ እየተዋጠ ሲያስቸግር

የእህቴ ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ከእናቴ ነጠላ ትንሽ ቀሚስ ልሰፋላት ተነሳሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ እናንተም እንዳትለፉ ልጻፈው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ስፌት ስጀምር መርፌው የጨርቁን ጠርዝ ይዞ ወደ ታች ይገባል። ከስር ክሩ ይተበተባል። ጎትቼ ሳወጣው ፈትሉ ይሳባል። አልፎ ከሄደም ስፌቱ ይጨማደዳል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የክር ማጥበቂያውን ነው። አላላሁት፣ አጠበቅሁት፤ ያው። የስፌት መኪናውን ዘይት አጠጣሁት። የታችኛውን ክር እንደገና ጠቀለልኩ። ምንም።

በሁለተኛው ቀን መርፌውን አየሁት። ለካ ጂንስ ያሳጠርኩበት ወፍራሙ ቁጥር 16 ነው! በቀጭኑ ቁጥር 11 ቀየርኩት። ጭምደዳው ቀነሰ፤ መዋጡ ግን አልቀረም።

የፈታው ሶፍት ነው። አዎ፣ አፍንጫ የምንጠርግበት ሶፍት። ረዘም አድርጌ ቆርጬ ከጨርቁ ስር አነጠፍኩት። የላይና የታች ክሮቹን ጫፍ ወደ ኋላ ያዝኩ። ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲሜትር ገባ ብዬ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስፌቶች መንኮራኩሩን በእጄ እያዞርኩ ወጋሁ። ቀጥ ብሎ ሄደ! ሲያልቅ ሶፍቱ በስፌቱ መስመር ቀስ ተብሎ ይቀደዳል። ስፌቱ ስር የቀረችውን ቁርጥራጭ በወረንጦ ለቀምኳት። ጋዜጣ ግን እንዳትሞክሩ፤ ቀለሙ ነጩ ላይ ይቀራል።

ጥለቱ ወፈር ስለሚል ሶፍት አላስፈለገውም። እዚያ ቀስ እያልኩ ነዳሁት፣ በቃ።