የወንጌል ተልእኮ ሸክም በቤትና በአጥቢያ እንዲዘልቅ

በሚሽን ጉባኤ ላይ እያለቀሰ ራሱን ለጌታ የሰጠ ወጣት ከወራት በኋላ ነገሩን ሲተወው «መጀመሪያውኑ ጥሪ አልነበረውም» ብለን አንቸኩል። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ሸክሙን፣ ማለትም ወንጌል ላልደረሳቸው ያለውን የልብ መቃጠል፣ በየሳምንቱ የሚመግብ ልማድ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጀምረው ከቤት ነው።

አንድ ሚሲዮናዊ ቤተሰብ ወይም ወንጌል ያልደረሰው አንድ ሕዝብ ምረጡ፤ ከሁለት አይብለጥ። «በዓለም ያሉትን አገልጋዮች ሁሉ ባርክ» የሚለው ጸሎት ለሕፃን የሚጨበጥ ነገር የለውም። ስማቸውን፣ የሚማሩትን ቋንቋ፣ የልጆቻቸውን ዕድሜ ይወቅ። የሚኖሩበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ካርታውን ልጆች በየቀኑ በሚያዩት ግድግዳ ላይ ስቀሉ። በኋላ የሕንድ ሚሲዮናዊ የሆነው እንግሊዛዊው ዊልያም ኬሪም ጫማ በሚሰፋበት ክፍል የዓለም ካርታ ሰቅሎ፣ ስለ አገሮቹ ያወቀውን ሁሉ ይጽፍበት ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ከሐዋርያት ሥራ ግማሽ ምዕራፍ አንብቡ፤ 28 ምዕራፎች ስላሉት አንድ ዓመት ገደማ ያስኬዳል። ከሚሲዮናውያኑ የመጣውን የቅርብ መልእክት አካፍሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጸልይ። በደብተር ላይ ቀኑን፣ የጸሎት ርእሱንና መልሱን መዝግቡ። ያልተመለሰውንም አትደብቁ። ኬሪ ሕንድ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1793 ሲሆን የመጀመሪያውን ሕንዳዊ አማኝ ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ ፍሬ ሲዘገይ ተስፋ አይቆርጥም።

መባውም ከልጁ ገንዘብ ይሁን። እሑድ ጠዋት ወላጅ እጁ ላይ ያስቀመጠለት ሳንቲም መስጠትን አያስተምረውም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ «አንተን ለሚሽን ሰጥቼሃለሁ» እያላችሁ ልጅን አታስጨንቁ። በቻይና ያገለገለው እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ የሃድሰን ቴይለር ወላጆች ገና ሳይወለድ ለቻይና አገልግሎት ጸልየውለት ነበር፤ እሱ ግን ይህን የሰማው ወደ ቻይና ከተነሣ ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው። የሚያስጨንቅ ስእለት ልጁን ወይ ያሸሸዋል፣ ወይ ያለ ጥሪ ይልከዋል።

የአጥቢያዋ ሥራ ሌላ ነው። በሐዋርያት ሥራ 13 የአንጾኪያ ምእመናን ጾመውና ጸልየው የላኩት ቀድሞውኑ በመካከላቸው ያገለግሉ የነበሩትን በርናባስንና ሳውልን ነው። እሄዳለሁ የሚለውን ወጣት ቢያንስ አንድ ዓመት በሰንበት ትምህርት፣ በጉብኝት ወይም በወንጌል ስርጭት አሰማሩት፤ ከባህሉ ውጭ ከሆነ ሰው ጋር ወዳጅነት ይመሥርት። እዚህ ያላገለገለ ሰው ቦታ ስለቀየረ አያገለግልም።

ከሦስት እስከ አምስት ሰዎች ያሉበት የሚሽን ኮሚቴ አቋቁሙ፤ ለእያንዳንዱ ሚሲዮናዊ በየወሩ የሚያገኘው አንድ ተጠሪ መድቡ። «ሁላችንም እንጠይቃለን» ከተባለ ማንም አይጠይቅም። ተጠሪዎቹ ስለ ሚሲዮናውያኑ እንዲናገሩ በእሑድ ጉባኤ ሦስት ደቂቃ ስጧቸው፤ ሕዝቡ ለመውጣት በሚነሣበት የማስታወቂያ ሰዓት ግን አይሁን። ለድጋፉ ከአንድ ጊዜ ትልቅ መባ ይልቅ በየወሩ የሚከፈል የ12 ወር ቃል ኪዳን ይሻላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ አድሱት። የመጀመሪያው ሙቀት ሲበርድ ድጋፉ የሚቋረጠው ማደስ ሲረሳ ነው።

ሚሲዮናዊው ወንጌል መስበክ አደጋ ባለበት አገር ካለ ስሙን፣ ፎቶውንና ከተማውን በማኅበራዊ ሚዲያ አታውጡ። ልጆች በሚልኩት ደብዳቤ የሚጻፈውንም አስቀድማችሁ ከእሱ ጋር ተስማሙ።

ከሁሉ የሚረሳው ተመላሹ ነው። ጳውሎስና በርናባስ ሲመለሱ ጉባኤው ተሰብስቦ ሰምቷቸዋል (ሐዋ. 14፥27)። ቤተሰቡ ሳይደርስ ማረፊያ አዘጋጁ፤ በመጀመሪያው እሑድ ስብከት አትጫኑባቸው። ልጆቻቸው «አገራችሁ ገባችሁ» ቢባሉም እንግድነት ሊሰማቸው ይችላልና እኩዮቻቸውን አስቀድማችሁ አስተዋውቋቸው።

ለመሄድ ሲዘጋጁ ቆይተው ሕመም ወይም ወላጅን መጦር ያስቀራቸውንም ፈልጓቸው። የተጠሪነቱን ቦታ ለእነርሱ ስጡ፤ ቋንቋውን የጀመሩ ከሆነ ከሚሲዮናዊው ጋር እየተጻጻፉ ይቀጥሉት።