ቤቲንግ ለመዝናናት የሚጫወት ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቲንግ ቤት የሚሰበሰበው ሰው ስለ ኳስ ያለው እውቀት ያስደንቃል። የተጎዳውን ተከላካይ፣ የአሰልጣኙን አሰላለፍ፣ የዳኛውን ጠባይ ሳይቀር ያውቃል። ያም ሆኖ ሳምንት በሳምንት ይከስራል። እኔ እንደማየው ችግሩ ያለው ትኬቱ በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ጨዋታ መደራረብ ነው። በትንሽ ብር ብዙ ሺህ ለማግኘት ሲባል አሥር፣ አሥራ አምስት ጨዋታ ይደረደራል። እያንዳንዳቸው 1.25 ኦድ (ያስያዙት ብር የሚባዛበት ቁጥር) ያላቸው አሥር ጠንካራ ቡድኖችን እንውሰድ። ኦዱ ሲባዛ 9.31 ይሆናል፤ 100 ብር ያስያዘ 931 ብር ያገኛል ማለት ነው። 1.25 ማለት ደግሞ ቢበዛ ቡድኑ ከአምስት ጨዋታ አራቱን ያሸንፋል ማለት ነው። አሥሩም አብረው የሚያሸንፉት ግን ከ100 ትኬት በ11 ገደማ ብቻ ነው። 27 ያህሉ ትኬት በአንድ ጨዋታ ብቻ ይበላል። «ለጥቂት ነበር፣ አንድ ጨዋታ በላችኝ» እያለ የሚቆጨው ሰው ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ፤ በአንድ ጨዋታ መበላት ከማሸነፍ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚደጋገም ተራ ውጤት ነው። ማክሰኞ ማታ መልሶ ቤቲንግ ቤት የሚያመጣው ግን ያ ቁጭት ነው።

የቤቲንግ ድርጅቱ ድርሻም አለ። እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ውጤቶች 2.00 መስጠት ሲገባው 1.90 ይሰጣል እንበል። በአንድ ጨዋታ ከ100 ብር 5 ብር ስለሆነ አይሰማም። አሥር ሲደረደር ግን ቅናሹም አብሮ ይባዛና ከመቶው ብር በአማካይ የሚመለሰው ወደ 60 ይወርዳል። መጫወት የፈለገ አንድ ወይም ሁለት ጨዋታ ይበቃዋል።

«ይቺ ሹር ናት» (የማትበላ እርግጠኛ ናት) ማለት ሌላው ስህተት ነው። ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በኳታሩ ዓለም ዋንጫ 36 ጨዋታ ሳትሸነፍ የመጣችው አርጀንቲና በሳዑዲ ዓረቢያ 2 ለ 1 ተሸነፈች። በማግስቱ ጃፓን ጀርመንን በተመሳሳይ ውጤት ረታች። ሁለቱም ተሸናፊዎች ቀድመው ያገቡ ነበሩ። ሁለቱን አንድ ትኬት ላይ ሹር ብሎ ያስገባ ስንቱ ነው!

ቴሌግራም ላይ ፊክስድ ማች (ውጤቱ አስቀድሞ ተወስኗል የሚባል ጨዋታ) መግዛትማ ፈጽሞ አይሞከር። የአጭበርባሪዎቹ አሠራር ቀላል ነው። ለ800 ሰው መልእክት ይላካል፤ ለግማሹ «ባለሜዳው ያሸንፋል»፣ ለግማሹ «አያሸንፍም» ተብሎ። ትክክለኛው ለደረሳቸው 400 ሰዎች እንደገና ለሁለት ተከፍሎ ይላካል፤ ከዚያም ለ200። በመጨረሻ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያልተሳሳተ ትንበያ የደረሳቸው 100 ሰዎች ይቀራሉ። እነሱ ለአራተኛው ገንዘብ ይልካሉ።

የተበላውን አለመመዝገብም ጉዳት አለው። ያሸነፍንበት ቀን ሁሉ ትዝ ይለናል፣ የተበላንበት ይረሳል። ፖከር ተጫዋቾች በዚህ ይሻላሉ፤ ደህናዎቹ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ትርፍና ኪሳራቸውን ይጽፋሉ፣ ሲናደዱም ከጠረጴዛው ይነሳሉ።

ከሁሉም የከፋው የተበላውን ለማስመለስ እጥፍ እያደረጉ ማስያዝ ነው። 50፣ 100፣ 200 እያለ ሰባት ጊዜ የተበላ ሰው 6,350 ብር ወጥቶበታል። ለስምንተኛው 6,400 ብር ያስፈልገዋል፤ በ2.00 ኦድ ቢያሸንፍ እንኳ ጠቅላላ ትርፉ 50 ብር ነው። «ይሄን ያህል ከተበላሁ ቀጣዩ የኔ ነው» ማለትም አያዋጣም። በ1913 እ.ኤ.አ. ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ የሩሌቷ (ቀይና ጥቁር ቁጥሮች ያሏት የቁማር መንኮራኩር) ኳስ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች፤ «አሁንስ ቀይ ነው» እያሉ ያስያዙ ሰዎች ብዙ ገንዘብ አጡ። ያለፈው ውጤት ለሚቀጥለው ዕዳ የለበትም።

እጥፉ የሚወጣው ደግሞ ከቤት ኪራይ፣ ከእቁብ ብር፣ ከልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ለቤቲንግ መበደር ወይም ትኬት ከቤተሰብ መደበቅ የጀመረ ሰው ኦድ ማስላቱን ይተው። ስልኩ ላይ ያለውን የቤቲንግ አካውንት ይዝጋ፤ ዛሬውኑ ለሚስቱ፣ ለወንድሙ ወይም ለሚያምነው ጓደኛ ያለበትን ዕዳ ሳያሳንስ ይንገር።